አሳፋሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁኝ፣
የሚልዋኪን መንገድ በመዳፌ አወቅሁኝ፦
የት ጉድጓድ እንዳለ፣ የት በረዶ እንደሚያድር፣
የቱ መብራት ቀልቶ መቶ እንደሚያስቆጥር።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከድልድዩ ማዶ፣
መስታወቴን ጋርዶት የታኅሣሥ በረዶ፣
አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች፣
እጅጌዋ ላይ ክር፣ ደረቷ ላይ መርፌ፤
"ደህና አደርክ?" ትለኛለች፣
"ደህና" እላታለሁ መሪዬን አቅፌ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ አሳፈርኳት፣
ስሟን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳት።

ሎይስ ከሞተች ወዲያ፣ በየካቲት ግድም፣
የቤቱን ወረቀት ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ።
ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ
አባቴ የፈረመው ውል ወጣ፣ ከነማኅተሙ።
በጽሕፈት መኪና፣ በተራ ቁጥር፣
ስለ አጥር ቁመት ከሚያወራው በታች፣
ዶሮ ማርባት ከሚከለክለው በላይ፦
"ይህ ቤት ለጥቁር ሰው አይሸጥም፣ አይከራይም፤
ከቤት አገልጋይ በቀር ጥቁር አያድርበትም።"

ከአጥርና ከዶሮ መሀል።
ብስክሌት ያስተማረኝ እጅ ነው የፈረመው።

እኔ ሰፈራችን እንደ ሜዳ ሣር
በራሱ የበቀለ መስሎኝ ነበር፤
ለካ ተዘርቷል፣ ታርሟል፣ ታጥሯል።
ጠፍቶኝ የኖረው የነገሩ ውል
ከእግሬ ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ነበር።

ስድስት ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ።
የጥንት ካርታ አወጡልኝ፤
ከድልድዩ ማዶ ያለው ሁሉ በቀይ ተቀብቷል፣
ባንክ እንዳያበድር።
መንገዱን አውቃለሁ ባዩ ሰውዬ
ሳልወለድ በተሰመረ መስመር ላይ
ስመላለስ ኖሬያለሁ፣ ደመወዝ እየበላሁ።

በሰባተኛው ሐሙስ ውሉን በኪሴ ይዤ
ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ።
"ኦርሊያ ፕሩየት" ይላል በሯ ላይ፤
በቀን ስምንት ጊዜ ያለፍኩት ጽሑፍ ነው።

አነበብኩላት። ድምፄ ተሰበረ።
ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች
የቀሚሱን ጠርዝ እስክትጨርስ ምንም አላለች።
"አውቀዋለሁ" አለች ኋላ። "አባቴ በቃሉ ይወጣው ነበር።
ራቅ በል ደሞ፣ ዕንባ ሐር ያበላሻል።"

ውሉን ላሰርዝ ማመልከቻ አስገብቻለሁ አልኳት።
"ደግ አደረግህ። እሱ ግን የሞተ ሕግ ነው።
አርባ ሦስት ቁጥር ግን ነፍሱ አልወጣችም፤
'ተሳፋሪ የለም' ብለው ከድልድዩ ወዲያ ሊያስቀሩት ነው።
ንጋት ላይ ማን እንደሚሳፈር
ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?
ማክሰኞ ማታ ማዘጋጃ ቤት ና።
ስለ አባትህ አታውራ። ቁጥር ይዘህ ና።"
ከዚያ ካፖርቴን ገልበጥ አድርጋ አየች፦
"ገበሩ ተተርትሯል። አሥራ አራት ዶላር።"

ማክሰኞ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ።
አርባ ሁለት ሰው አልኩ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፤
ሁለት ነርሶች፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣
ለኩላሊት እጥበት የሚሄድ ባለ ምርኩዝ
ደረጃውን ዝቅ የማደርግለት።
ሌሎቹ ለዓመታት ሲሉት የኖሩትን ነው ያልኩት።
የእኔን ጻፉት።
ይኸኛው ይበልጥ አሳፈረኝ።
ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

ፌርማታው ላይ ቆምን። የሐይቁ ብርድ አጥንት ይሰብራል።
ስሜን ልነግራት አፌን ስከፍት፣
"ራይንሆልድ" አለች።
"ደረትህ ላይ ተጽፎ ነበር፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አነበብኩት።"

አውቶቡሱ መጣ።
ወጣቱን ሾፌር በስሙ ጠርታ፣ "አመሸህ?" ብላ ገባች።
እኔም ሒሳቤን ከፍዬ፣
ገበሩ የተሰፋ ካፖርቴን ሰብስቤ፣
ሳሳፍራት ከኖርኳት ሴት አጠገብ
ተሳፈርኩ።